ፈረሴ ሬዲዮ ያጠራ ዕለት

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ያኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሚስቴ ሰባን አልፈሃል ትላለች፤ እኔ አልተቀበልሁም፣ አሁንም አልቀበልም። ነገሩን ልርሳው ብል እንኳ ሰው አያስረሳኝም። እንጅባራ ገበያ በወጣሁ ቁጥር «አያ ታረቀኝ፣ ዳማ ዛሬ ውሃ ጠጣ?» ብሎ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ሌላው እያጣመመ ከሚያወራው እኔው እንደሆነው ብጽፈው ይሻላል አልሁ። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ናት፤ ከከበደቻችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ዳማ ፈረሴ ነው። ከሰው ይልቅ እሱ ይታዘዘኛል፤ እሱም ሲፈልግ ነው።

ቤታችን ከተማው ዳር ላይ ነው። ከትምህርት ቤቱ የሚለየን አጥር ብቻ ነው። ሚስቴ ስንዱ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ጭቃ አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻም ሐኪምም አያት፤ ዳነች ተባለ። ግን ከደጃፍ አልፋ መሄድ አልቻለችም። ገበያ የማይቀራት፣ ማኅበር የማይቀራት፣ ለቅሶ የማይቀራት ሴት መስኮት ሥር ተቀምጣ ቀረች። ቀኑን ሙሉ የምታየው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ብዙ የሚታይ ነገር የለኝም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ መምህር ይበልጣል የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ አለ። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ የመጣ ልጅ ነው። ይህ ሰው የጫማ ካርቶን የምታክል የሬዲዮ ማሰራጫ ሠራ። አቅሟ ትንሽ ናት። ከትምህርት ቤቱ ተነሥታ የእኛን ሰፈር ታዳርስና ወንዙ ጋ ስትደርስ ትደክማለች። ከሰዓት በኋላ በእሷ ላይ ትምህርት ያነባል። ቤት የዋለ ሁሉ የራሱን ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ በሚሉት ላይ አድርጎ ይሰማል።

ስንዱ ከዚያ ወዲህ ሰው ሆነች። የሰማችውን ሁሉ ማታ እኔን ታስተምረኛለች። «መሬት ትዞራለች» ትለኛለች። «አትዞርም» እላታለሁ። «ትዞራለች፣ መምህሩ ነው ያለው።» «ብትዞር ኖሮ ይህን ጊዜ ቤታችን አዘና ደርሶ ነበር» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን እንቅልፍ ይወስደናል። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ሞቅ ብሎ ነበር።

ችግሩ አንድ ነው። ማሰራጫዋ በመብራት ስትሠራ ከመምህሩ ድምፅ ሥር እምምምም የሚል ነገር አለ። መምህሩ ዝም ሲል እሱ ብቻውን ይቀጥላል። ስንዱ «ንቡ» አለችው። ሰፈሩም ንቡ ብሎ ቀረ። «ዛሬ ንቡ እንዴት ዋለ?» ይባባላል ሰው መንገድ ላይ።

አንድ ቀን መምህሩን ጠየቅሁት። «አያ፣ መብራት እንደ ወንዝ ውሃ ዝም ብሎ አይፈስም፤ እየዘለለ ነው የሚመጣው። ዝላዩን ካላስተካከልሁት ከድምፄ ጋር አብሮ ይወጣል» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አትገራውም?»

«እየገራሁት ነው» አለ።

እውነትም አልተኛም። ከተበላሸ ቴሌቪዥን ውስጥ ካፓሲተር የሚሉትን ወፍራም ዕቃ አውጥቶ ጨመረባት። የመብራቱን ኃይል የሚቀንሰውን ትራንስፎርመር ከማሰራጫዋ አራቀና ጠረጴዛ ሥር አኖረው። ንቡ ቀነሰ እንጂ አልሄደም። አንድ ቀን ከመኪና ባትሪ ጋር ሲያገናኛት ንቡ ጭራሽ ጠፋ፤ ጥፋቱ የመብራቱ እንደሆነ በዚህ ታወቀ። ባትሪው ግን የሰው ነበር። ባለመኪናው መጥቶ ነቀለና እያጉረመረመ ወሰደው። ንቡም ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ፣ ከትምህርት ቢሮ፣ ወሬ መጣ። ማሰራጫዋ ለሙከራ ነው የተፈቀደችው። ሰዎች መጥተው ይሰሟታል፤ ድምፁ ከጠራ እዚሁ ትቀራለች፣ ካልጠራ ዕቃውን አንሥተው ዳንግላ ላለ ትምህርት ቤት ይሰጡታል ተባለ። ስንዱ ይህን የሰማች ማታ እራት አልበላም አለች።

«እሷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልውል ነው?»

«ከእኔ ጋር ነዋ» አልኋት።

«ከአንተስ ንቡ ይሻለኛል። እሱ ቢያንስ ስናገር አያቋርጠኝም።»

ጥቂት ቀናት እንደዚህ ከረምን። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስንዱ ከመስኮቱ ሥር ጮኸች። ወደቀች ብዬ ሮጥሁ። «ንቡ ሄደ!» ትላለች እየሳቀች። ሰማሁት፤ እውነትም የመምህሩ ድምፅ አጠገባችን ተቀምጦ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ምን አድርጎ እንዳስወጣው አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም። ያን ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

እኔ የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ። ትምህርት ቤቱ አጥር ለአጥር ቢሆንም ለስብሰባ የምሄደው በፈረስ ነው። ሽማግሌ ሰው ስብሰባ በእግሩ እየተጎተተ አይገባም። ዳማን እጭንና በአስፋልቱ ዞሬ በዋናው በር እገባለሁ። ስንዱ «ኮርቻውን እስክትጭን በአጥሩ ቀዳዳ ብትሾልክ ስብሰባው አልቆ ትመለስ ነበር» ትለኛለች። አልሰማትም።

ንቡ በሄደ በማግስቱ ስብሰባ ነበረን። ገብቼ ዳማን የማሥርበት ስፈልግ ከሬዲዮዋ ክፍል መስኮት ሥር አንድ ብረት ተተክሎ አየሁ። ጉልበት ይደርሳል። አናቱ ላይ የመዳብ ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሞበታል። ቆሜ አየሁት። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህ ትምህርት ቤት ለፈረሰኛ አንዲት ችካል ተክሎ አያውቅም። የባንዲራው ምሰሶ ላይ እያሠርን ስንቴ ተቆጥተውናል። አሁን ግን ችካል፣ ያውም የብረት! ሽቦውን ደግሞ ገመድ እንዳይንሸራተት ብለው ነው የጠመጠሙት አልሁ። ምን ዓይነት አስተዋይ ሰዎች ናቸው! ዳማን አሠርሁት፤ ጥላም ነበረው።

ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። «ለፈረሰኛ ላሰባችሁት ክብር በወላጆች ስም አመሰግናለሁ» አልሁ። ተጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ስለ ምን እንደማወራ አልገባውም፤ ግን ምስጋና ነውና ተቀበለ። «ገና ብዙ እንሠራለን» አለ።

ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ኖረም አልኖረም ከሰዓት በኋላ ዳማን እዚያ አሥራለሁ። ሰው ለክብሬ ችካል ተክሎልኝ ባዶውን ላውለው ነው? ዳማም ተመችቶት ነበር። ዝንብ ሲነክሰው አንገቱን ወዲያ ይነቀንቃል፣ ወዲህ ይነቀንቃል፤ ገመዱ ብረቱን አብሮ ይነቀንቀዋል።

ንቡ ተመለሰ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ መንጋው በሙሉ። ማሰራጫዋን የሚሰሟት እንግዶች ሐሙስ ይመጣሉ ተብሏል። ረቡዕ ዕለት ስንዱ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ስለ ልብ ነበር የሚያስተምረው። ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳልሰማ አለቀ» አለች።

ተናደድሁ። ዳማን ጫንሁ፣ በአስፋልቱ ዞርሁ፣ ብረቱ ላይ አሠርሁት፣ ዱላዬን ይዤ ሬዲዮዋ ክፍል ገባሁ። መምህሩ ሽቦ መሀል ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው መስሚያ ሬዲዮ እምምምም ትላለች።

«መምህር፣ ይህን ንብ አንተ ታስወጣለህ ወይስ እኔ ላስወጣው?»

«አያ ታረቀኝ፣ እኔም ግራ ገባኝ። ባለፈው ጠፍቶልኝ ነበር እኮ! ምን እንደነካው አላውቅም።»

«አንድ የማይረባ ሰው እየነካካብህ ነው» አልሁት።

«እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለ። «ባገኘው አልምረውም ነበር።»

«እኔም አልምረውም» አልሁ። ደሜ ፈላ። ዱላዬን ወለሉ ላይ መታሁና ማሰራጫዋ ላይ ጮኽሁ፦ «ዝም በል!»

ንቡ ዝም አለ።

መምህሩ አፉን ከፍቶ አየኝ። እኔም ደነገጥሁ፤ ግን አላሳየሁትም።

«ምን አደረጉት?» አለኝ።

«ተቆጣሁታ» አልሁ። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ማድረግ ነበረብህ።»

ያን ጊዜ ከመስኮቱ ሥር የውሃ ድምፅ መጣ። ቧንቧ የተከፈተ ነው የሚመስለው፤ ይወርዳል ይወርዳል አያልቅም። መምህሩ ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ታች አየ። ዳማ እግሩን በርግዶ ብረቱ ላይ ሽንቱን ይሸናል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል።

«አያ! ይህን ፈረስ ማን ነው እዚህ ያሠረው?»

«እኔ ነኛ።»

«በግራውንዱ ላይ?»

«በችካሉ ላይ።»

«የምን ችካል?»

«ለእኛ የተከላችሁት ነዋ! ስብሰባ ላይ አመስግኛችሁ የለም እንዴ?»

መምህሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወጥተን ብረቱን አሳየኝ። ግራውንድ የሚሉት ነገር ነው። ሽቦው ከማሰራጫዋ ይመጣል፤ ብረቱ መሬቱን ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ንቡ ወደ መሬት ይገባል፣ ሬዲዮ ላይ አይወጣም። ባለፈው ንቡን ያስወጣው ይህን ተክሎ ነበር። አሁን ግን ብረቱን ሲነካው እንደ አሮጌ ጥርስ ተነቃነቀ። ዳማ ነቅንቆ ነቅንቆ ዙሪያውን ጉድጓድ አድርጎታል፣ አፈሩም የበጋ አፈር ነው፣ ደርቋል። አሁን ጉድጓዱ በሽንት ሲሞላ ብረቱና መሬቱ እንደገና ተገናኙ።

«ያበላሸው ፈረስዎ ነው!» አለኝ።

«ያዳነው ፈረሴ ነው! በጆሮህ አልሰማህም?»

«መጀመሪያ እሱ ባያበላሸው መዳን ለምን ያስፈልገዋል?»

«እንግዲህ ሰው ሲክስ መቀበል ነው» አልሁት።

ዳማን ሊያባርረው ትከሻውን ገፋው። «ሂድ! ዞር በል!» ይለዋል። ዳማ ንቅንቅ አላለም። ያደገው ገጠር ነው፤ ከአገውኛ ሌላ አይሰማም። እኔ በአገውኛ አንዲት ቃል ብናገረው ጊዜ ዞር አለ። መምህሩ ይህን አየ። በመዶሻ ብረቱን ወደ ውስጥ መታው፣ አፈር ሞልቶ ረገጠው፣ አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰሰበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፦ «ነገ እንግዶች አሉ። እባክዎ አያ፣ ይህ ፈረስ እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳይል» አለኝ።

ድርሽ እንዳይል! ዳማን! አኩርፌ ሄድሁ። ለስንዱ ምንም አልነገርኋትም። ንቡን የመለሰው ባሏ እንደሆነ ብታውቅ እኔን ከቤት አስወጥታ ዳማን ታስገባ ነበር።

ሐሙስ ዳማን ወንዝ ወስጄ አጠጣሁት። ሙቀት ስለነበረ ጠጣ ጠጣና ሆዱ ተነፋ። ስመለስ በትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩ በኩል መጣሁ። ለማየት አይደለም፤ መንገዴ ነው። በየቤቱ ሬዲዮ ተከፍቷል። ከሁሉም ቤት የሚወጣው አንድ ነው፦ እምምምም። ያ ጀሪካን ውሃ አድሮ ሰምጧል፤ ንቡ ተመልሷል። በአጥሩ አሻግሬ ሳይ ዳይሬክተሩ ከቢሮው እየሮጠ ወደ ሬዲዮዋ ክፍል መስኮት ይመጣል፤ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል።

«እያዳመጡ ነው!» አለው መምህሩን። «ሁለቱም ፊታቸውን አጨማድደዋል። አንድ ነገር አድርግ!» ብሎት ተመልሶ ወደ እንግዶቹ ሮጠ።

መምህሩ ንባቡን አቋርጦ በመስኮቱ ወጣ ብሎ አየ። እኔን አየኝ። ከእኔ ይልቅ ዳማን አየው።

«አያ ታረቀኝ!»

ሰማዩን አየሁ።

«አያ ታረቀኝ፣ በእግዚአብሔር!»

«ምነው? ድርሽ እንዳይል ተብሏል እኮ።»

«ፈረሱ ... ውሃ ጠጥቷል?»

«ምን አገባህ?»

«አያ፣ አጥፍቻለሁ፤ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ጠጥቷል?»

እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ላስለምነው ፈልጌ ነበር። ግን ስንዱ ትዝ አለችኝ። ይህን ጊዜ መስኮቷ ሥር ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። በአስፋልቱ ልዞር ብል እንግዶቹ ሄደው ያልቃሉ። በዚያ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የአጥሩን ቀዳዳ ገፋሁና ከነፈረሴ ገባሁ። አጥሩም ተከትሎን ገባ።

ዳማን ብረቱ ዘንድ አቆምሁት። ዳማ ሣር መጋጥ ጀመረ።

«ሽና» አለው መምህሩ ከመስኮቱ። አልሸናም። መምህሩ ማፏጨት ጀመረ። ዳማ ጆሮውን ቀሰረና አየው። «ሽና እንጂ! ምን ነበረበት?»

«በአማርኛ አይሸናም» አልሁት።

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩት!»

የዳማን አንገት አቀፍሁ። ጆሮው ዘንድ ጠጋ ብዬ በአገውኛ አናገርሁት። ለእናንተ በአማርኛ ልጻፈው፦ «የኔ ጌታ። የኔ አንበሳ። ደክሞሃል፣ አውቃለሁ። ትናንት አስቀየሙህ፣ እኔም ተቀይሜልሃለሁ። ግን አንተ ደግ ነህ። እስቲ ለእኔ ብለህ። አይዞህ፣ ማንም አያይህም፣ ከፈለግህ እኔም ፊቴን አዞራለሁ። ቀስ ብለህ፣ የኔ ሆድ፣ ቀስ ብለህ ...» ጀርባውን እያሻሸሁ እንዲህ ብዙ አልሁት። ዳማ በረጅሙ ተነፈሰ። እግሩን በረገደ። እኔ «ቀስ ብለህ፣ የኔ ሆድ» እያልሁት ሽንቱን ብረቱ ላይ ለቀቀው።

ያን ጊዜ ከሰፈሩ ሁሉ ትልቅ ሳቅ ተነሣ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? መምህሩ በመስኮቱ ብቅ ሲል ማይኩን ክፍት ትቶት ነበር፤ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከራሴ በላይ ነው ያለው። መጀመሪያ የተናገርሁት ከንቡ ጋር ተቀላቅሎ ማንም አልለየውም። ዳማ ሥራውን ሲጀምር ግን ንቡ ጠፋ፤ «ቀስ ብለህ፣ የኔ ሆድ» ያልሁት ጥርት ብሎ በየቤቱ ገባ። ከኋላውም ያ የውሃ ድምፅ።

ዳይሬክተሩ በኋላ እንደነገረኝ፣ እንግዶቹ ቢሮ ውስጥ ሬዲዮዋን ከበው ነበር። አንደኛው አገውኛ አይችልም። «አሁን ጠራ!» አለ። «ይህ ምን ፕሮግራም ነው?»

ዳይሬክተሩ «የ ... የእንስሳት እንክብካቤ ነው» አለ።

«በሁለት ቋንቋ ታሰራጫላችሁ ማለት ነው?»

«ጀምረናል» አለ ዳይሬክተሩ።

«የውሃውን ድምፅ ሁሉ አስገብታችኋል! እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው እንግዳ ግን የእኛው አገር ልጅ ነው። መሀረቡን አፉ ውስጥ ጨምሮ ወደ ደጅ ወጣ፤ ብዙ ጊዜም አልተመለሰም። ሲመለስ ዓይኑን እየጠረገ «ትቅር፣ እዚሁ ትቅር» አለ። ማሰራጫዋ ቀረች።

ዳማን እየሳብሁ ቤቴ ስገባ ስንዱ በሳቅ ብዛት እንባዋ ይወርዳል። ልትጠይቀኝ ትሞክራለች፣ ሳቁ ያቋርጣታል። ኮርቻውን አውርጄ ስገባ ግን ሳቁን ትታ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ። «ከተጋባን ጀምሮ እኔን እንዲህ አድርገህ አናግረኸኝ ታውቃለህ?»

አሰብሁ። ብዙ አሰብሁ። ከዚያ «መሬት አትዞርም» አልኋትና ወጣሁ።

አሁን ሁሉ ነገር ተስተካክሏል። መምህሩ ረዘም ያለ ብረት አምጥቶ ከቧንቧው አጠገብ፣ አፈሩ በማይደርቅበት ቦታ፣ ጨውና ከሰል አድርጎ ተከለው፤ ንቡ እስከ ዛሬ አልመጣም። ለእኔም ከበሩ አጠገብ የእንጨት ችካል ተክለውልኛል። ሽቦ የለበትም፤ ገመድ ያንሸራትታል፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ አልሰሙኝም። ያኔ አፍሬ ለሁለት ገበያ አልወጣሁም ነበር። አሁን ግን አላፍርም። ሲስቁብኝ እኔም ቀድሜ እስቃለሁ። ስንዱ ስለ ልብ የቀረባትን ሰምታለች፤ ደሙ በየት እንደሚወጣም ነግራኛለች፣ እሱን እንኳ ተቀብያታለሁ።

በዚያ ሐሙስ ማግስት ጠዋት ግን ዳማን ውሃ ከመውሰዴ በፊት በብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና ስንዱ መኝታ ዘንድ ሄድሁ። ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ በአገውኛ፣ በዚያው ድምፅ፣ «የኔ እመቤት፣ እስቲ ለእኔ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ» አልኋት። ብርጭቆውን ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አየች።

«መጀመሪያ ማይኩ መዘጋቱን እይ» አለችኝ።

ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁና ደገምሁላት።